ፊቱ የሁሉ፣ ጀርባው የባለቤቱ፦ የባዝ ከተማ መሀል እንዴት ነው የሚሠራው?

ባዝን ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቃት በጃንሆይ ስደት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 (ዓመታቱ እዚህ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቀመጡበት ፌርፊልድ ሃውስ ከመሀል ከተማው ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ ይገኛል። በ1958 ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጥተውታል። ያን ቤት ብሎ የሚሄድ ሰው ግን ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ ጥቂት እንደተራመደ ዓይኑን የሚይዘው ሌላ ነገር ነው። ከተማው ሁሉ ወደ ቢጫ በሚያደላ አንድ ዓይነት ጥርብ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ መስኮቶቹ በክር የተለኩ ያህል ይሰለፋሉ። ጠጋ ሲሉ ደግሞ እዚህም እዚያም ባዶ ሱቅ አለ፣ «ለኪራይ» የሚል ሰሌዳ አለ፣ ከሱቁ በላይ ያሉት ፎቆች ማታ መብራት አይታይባቸውም።

ባዝ ከ90 ሺህ በላይ ነዋሪ ያላት፣ በኤቨን ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ ከብሪስቶል ብዙም የማትርቅ ከተማ ናት። መነሻዋ ፍል ውሃ ነው፤ 46 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ፣ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ የሚፈልቅ። ሮማውያን መታጠቢያ ሠሩበት፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ባለጸጎች ደግሞ «ለጤና» እያሉ ለጨዋታና ለትዳር ፍለጋ ጎረፉበት። ከ1987 ጀምሮ ከተማዋ እንዳለች በዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ ናት፤ 5,000 ያህል ሕንጻዎቿም በእንግሊዝ ሕግ በቅርስነት ተመዝግበዋል። እንዲህ ያለ ጥበቃ ባለበት ቦታ የመንገዱ ኑሮ ለምን ይህን ያህል እንደሚለዋወጥ ለመረዳት ቤቶቹ መጀመሪያ እንዴት እንደተሠሩ ማየት ያስፈልጋል። ዛሬ የሚነሳው ክርክር አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው።

ከተማዋ በሊዝ ነው የተሠራችው

በ1728 ጆን ዉድ የተባለ አርክቴክት ክዊን ስኩዌር የተባለውን በቤቶች የተከበበ አደባባይ ጀመረ። መሬቱ የእሱ አልነበረም፤ ከባለርስቱ በሊዝ ወሰደ፣ በቦታ በቦታ ሸንሽኖም ለግንበኞች በንዑስ ሊዝ አስተላለፈ። ለግንበኛው የሚሰጠው ንድፍ የሚያዘው ፊቱን ብቻ ነው። የመስኮቱ ከፍታ፣ የዓምዱ ዓይነት፣ የጣሪያው ጠርዝ መስመር እንደ ውሉ መሆን አለበት። ከፊቱ ኋላ ያለው ግን ቤቱን የሚገዛው ሰው እንደ ኪሱ የሚያሠራው ነበር። ስለዚህ ከመንገዱ ሲታይ አንድ ቤተ መንግሥት የሚመስለው ረድፍ ከኋላው ዞሮ ለሚያየው የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ገንዘብ የሠሩት የቤቶች ስብስብ ነው።

ይህን በግልጽ ለማየት የልጁ የታናሹ ጆን ዉድ ሥራ ወደሆነው ሮያል ክሬሰንት መሄድ ነው። ከ1767 እስከ 1774 የተሠራ ሲሆን 30 ቤቶች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል፤ ፊቱ ላይ 114 ዓምዶች አሉ። ከኋላ ግን አንዱ ቤት ወደ ጓሮው ይገፋል፣ ሌላው ያጥራል፤ የአንዱ መስኮት ከጎረቤቱ መስኮት ጋር አይገጥምም፤ ጭስ ማውጫው፣ የቆሻሻ ቱቦው፣ ኋላ የተቀጠለው ኩሽና ሁሉ ተደበላልቆ ይታያል። ግድግዳው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ፊቱ በጥንቃቄ የተጠረበ ድንጋይ ሲሆን ጀርባው ያልተጠረበ፣ በኖራ ጭቃ የተያያዘ ነው።

የከተማዋ ጥበቃም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። በ1937 ለባዝ ብቻ የወጣ ሕግ 1,251 ቤቶችን ሲጠብቅ የጠበቀው ፊታቸውን ነበር። በኤፕሪል 1942 የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ከ400 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙ ቤት ፈረሰ። ይሁን እንጂ በ1950ዎቹ፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የማዘጋጃ ቤቱ ቡልዶዘር ያፈረሰውም ጥቂት አይደለም። የተነሱት ታላላቆቹ ክሬሰንቶች አልነበሩም፤ አናጺው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሠረገላ ነጂው የኖሩባቸው ትንንሽ የጆርጂያን (በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሠራር የተሠሩ) ቤቶች ናቸው። በፖስታ ካርድ ላይ ስለማይወጡ ተከራካሪ አላገኙም። የቀሩት ታላላቅ ረድፎች ያለ ሰፈራቸው ቀሩ። በዚያው ዘመን ከመሀል ከተማው ሥር የመኪና ዋሻ ለመቆፈርም ታቅዶ ነበር፤ ሳይሠራ መቅረቱ ለከተማዋ ትልቅ ዕድል ነው።

ሕጉ ዛሬ ምን ይላል?

አሁን ያለው የ1990 ሕግ ከ1937ቱ በእጅጉ ይሰፋል። በእንግሊዝ የተመዘገበ ሕንጻ ሦስት ደረጃ አለው፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ ባለ ኮከብ፣ ሁለተኛ። በአገሪቱ ካሉት ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የሆኑት ሁለተኛ ደረጃ ናቸው፤ ሮያል ክሬሰንትና የፑልትኒ ድልድይ ግን አንደኛ ደረጃ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ ውስጡን እንደፈለግሁ አደርጋለሁ» ይላል። አይደለም። ደረጃው ማመልከቻው ምን ያህል በጥብቅ እንደሚመረመር ይለውጣል እንጂ ጥበቃው ምንጊዜም ውስጡንም ውጭውንም፣ ከሕንጻው ጋር የተያያዘውን ሁሉ፣ በግቢው ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 1948 በፊት የተሠራውን አጥርና ጎጆ ሳይቀር ይይዛል። የደረጃ እጀታ፣ የመስኮት መዝጊያ፣ የምድጃ ዙሪያ፣ በልስን የተሠራ የጣሪያ ጌጥ፣ ሁሉም።

ፈቃድ ሳያገኙ መለወጥ የአስተዳደር ጥፋት ብቻ ሳይሆን ወንጀል ነው፤ እስከ ሁለት ዓመት እስራትና ጣሪያ የሌለው መቀጫ ሊያስከትል ይችላል። ከዚህ የባሰው ገዢን የሚመለከተው ነው። ያለፈቃድ የተሠራውን ወደ ነበረበት ለማስመለስ ማዘጋጃ ቤቱ የጊዜ ገደብ የለበትም። የቀድሞው ባለቤት ከ30 ዓመት በፊት ያነሳውን ግድግዳ ዛሬ የገዛው ሰው እንዲመልስ ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ ቤት ወይም ሱቅ ከመግዛት በፊት የድሮ ፕላኖችን አሁን ካለው ጋር ማመሳከር፣ ልዩነት ከተገኘም ለዚያ ሥራ የተሰጠውን ፈቃድ ከሻጩ መጠየቅ ግድ ነው።

ማመልከቻው ራሱ የአገልግሎት ክፍያ የለበትም፤ ውሳኔው በመደበኛው 8 ሳምንት ይወስዳል። ወጪው ያለው ፕላን በሚያነሳው ባለሙያና በጥናት ጽሑፉ ላይ ነው። ታክሱ ደግሞ ለጥበቃ የተነደፈ አይመስልም። አዲስ ቤት መሥራት ተጨማሪ እሴት ታክስ ዜሮ ነው፣ አሮጌውን መጠገን ግን 20 በመቶ። ለተመዘገቡ መኖሪያ ቤቶች በፈቃድ ለሚደረግ ለውጥ የነበረው ነፃነትም ከኦክቶበር 2012 ጀምሮ ተነስቷል።

ቀለም ላይ እንኳ ጠብ ይነሳል። በ1970ዎቹ የሮያል ክሬሰንት ቁጥር 22 ባለቤት በሯን ቢጫ አስቀባች። ማዘጋጃ ቤቱ ነጭ ይሁን ብሎ አዘዘ፣ እሷም ይግባኝ ብላ ረታች። በሩ ዛሬም ቢጫ ነው።

ድንጋዩ

የባዝ ድንጋይ ከኩም ዳውን ኮረብታና ከአካባቢው የሚወጣ የኖራ ድንጋይ ነው። ራልፍ አለን የተባለው ነጋዴ ድንጋዩ የሚወጣባቸውን ካባዎች ይዞ በ1731 በሐዲድ ላይ ወደ ወንዙ የሚወርድ ጋሪ ስላዘረጋ ነው ከተማዋ በርካሽ ልትገነባ የቻለችው። ከመሬት ሲወጣ እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ሲደርቅ ላዩ ይጠነክራል። ያ የጠነከረ ቆዳ ነው ቤቱን የሚጠብቀው፣ እሱን ያስለቀቀ ሰው ድንጋዩን ራቁቱን አስቀረው ማለት ነው። ድንጋዩ ንብብር አለው፤ ግድግዳ ላይ ሲቀመጥ ንብብሩ መሬት ውስጥ እንደነበረው ጋደም ማለት አለበት። ቀጥ አድርገው ካቆሙት እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተገለጠ ይረግፋል። ከግድግዳ ወጥቶ ለሚንጠለጠል ጌጥ ብቻ ነው ንብብሩ በጎን እንዲቆም የሚደረገው፣ ካልሆነ የታችኛው ገጽ ይወድቃል።

ጥቁረቱ ከከሰል ዘመን የቀረ ነው። የጭሱ ድኝ ከኖራው ጋር ተዋህዶ ጂፕሰም ይፈጥራል፣ ጂፕሰሙ ጥላሸቱን ይይዛል። ዝናብ የሚያጥበው ቦታ ንጹሕ ይሆናል፣ ከጌጡ ሥር የተጠለለው ክፍል ግን ይጠቁራል። ከጥቁሩ ቅርፊት ሥር ድንጋዩ ወደ ዱቄትነት ስለሚቀየር ቅርፊቱ ሲፈነዳ ፊቱን ይዞ ይወርዳል። ማጽዳት የሚገባውም ለዚህ ነው፣ ለውበት ብቻ አይደለም። በጣም ደቃቅ በሆነ የውሃ ጉም ለሰዓታት ማለስለስ፣ ከዚያ በሲባጎ ብሩሽ ማንሳት ይሻላል። ውሃው ሲበዛ ግን ድንጋዮቹን ከውስጥ ወደሚያያይዙት ብረቶች ይደርሳል፤ ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ድንጋዩን ይሰነጥቃል። ውርጭ በሚጠበቅበት ወቅትም ይህ ሥራ አይጀመርም። በአሸዋ መንፋት የጠነከረውን ቆዳ ስለሚልጥ፣ የሽቦ ብሩሽ ደግሞ የብረት ብናኝ ትቶ ቡኒ ነጠብጣብ ስለሚያወጣ ሁለቱም አይሆኑም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ሲሚንቶ ያደረሰው ነው። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይጠነክራል፣ እርጥበትም አያስወጣም። ውሃው በመገጣጠሚያው መውጣት ሲያቅተው በድንጋዩ ይወጣል፣ ጨው ይዞ ይመጣል፣ ጨዉ እዚያው ይጠጥራል። ከጥቂት ክረምቶች በኋላ የሲሚንቶው መስመር ወጥቶ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ተበልቶ ይገኛል። ለጥገናው አሮጌው ሙሌት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት በእጅ ይወጣል። የፊቱ ጥርብ ድንጋይ መገጣጠሚያ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የሚሻለው ቀጭን የብረት መጋዝ ነው፤ የኤሌክትሪክ መቁረጫ የድንጋዩን ስለታም ጠርዝ ይበላዋል፣ ያም ተመልሶ አይመጣም። ፊቱ በበሰለ ኖራና በተነፋ የድንጋይ ዱቄት ይሞላል። ለጀርባው ግድግዳ ግን ከውሃ ጋር የሚጠነክረው የተፈጥሮ ኖራ አንድ እጅ፣ ሻካራ አሸዋ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጅ ሆኖ ይደባለቃል። መገጣጠሚያው አስቀድሞ ይረጥባል፣ ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ አይሠራም፣ ከተሞላ በኋላም ቶሎ እንዳይደርቅ ለጥቂት ቀናት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል። ዛሬ ተሞልቶ ነገ ፀሐይ ከመታው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፤ ሥራውን በችኮላ የሚጨርስ ኮንትራክተር የሚወድቀው እዚህ ነው።

ብዙ ባለቤት ግን ድንጋዩን እያየ ውሃው ከላይ መምጣቱን ይረሳል። የጆርጂያን ቤት ጣሪያ ከፊት ግድግዳው ኋላ ተደብቆ ውሃውን በእርሳስ በተለበጠ አሸንዳ ይሰበስባል። ባዝ ውስጥ የባሕር ወፍ በጣሪያ ላይ ስለሚራባ ጎጆው አሸንዳውን ይደፍናል፤ ውሃው ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈስሳል፣ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን የእንጨት ተሸካሚ ጫፍ ያበሰብሳል። ኮርኒሱ ላይ እርጥበት እስኪታይ ድረስ እንጨቱ ካለቀ ቆይቷል። በዓመት ሁለት ጊዜ ማስጠረግ ከማንኛውም ጥገና ይረክሳል። እነዚሁ ወፎች ቆሻሻ ከረጢት ስለሚቀዱ፣ ቤቶቹም ከፊታቸው የቆሻሻ በርሜል ማስቀመጫ ስለሌላቸው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ወፍ የማይቀደው ወፍራም ከረጢት እስከ ማደል ደርሷል።

ጎዳናው ጣሪያ ነው

ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። የጆርጂያን ግንበኞች በብዙ ቦታ ምድር ቤቱን በጥልቀት አልቆፈሩም። በቀድሞው መሬት ላይ ባለ ቅስት ጓዳዎች ሠርተው መንገዱን በጓዳዎቹ ላይ አነጠፉት። በዚህ የተነሳ ከፊት አንድ ፎቅ ከመሬት በታች የሚመስለው ኩሽና ከጀርባ ሲወጡበት ከጓሮው ጋር እኩል ነው። በእግረኛ መንገዱ ላይ የሚታየው ክብ የብረት ክዳን ከሰል ወደ ጓዳው የሚፈስበት ነበር።

ዛሬ እነዚያ ጓዳዎች መጋዘን፣ የወይን ቤት፣ አንዳንዴም የምግብ ቤት ክፍል ናቸው። ከላያቸው የሕዝብ መንገድ አለ፣ ከሥሩ ያለው ቅስት ግን የግል ነው። በ1980ው የመንገድ ሕግ መሠረት ከመንገድ በታች ያለን ጓዳ በጥሩ ሁኔታ መያዝ የባለቤቱ ወይም የያዡ ግዴታ ነው፤ የንጣፉ ላይኛ ገጽ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ውሃ ሲያንጠባጥብ «ከንጣፉ ነው»፣ «ከቅስቱ ነው» የሚል ክርክር ይጀመራል። የከተማ ቧንቧ ፈስሶ ሊሆን ይችላል፣ የንጣፉ ድንጋይ መገጣጠሚያ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፣ የማድረሻ መኪና ጎማውን እግረኛ መንገድ ላይ አውጥቶ ቅስቱን አናግቶትም ሊሆን ይችላል። ብዙዎች የሚቸኩሉት ጓዳውን ከውስጥ በሲሚንቶ ለመለሰን ነው። ይህ ውሃውን አያቆመውም፤ ወደ ቤቱ ዋና ግድግዳ ወይም ወደ ጎረቤት ይገፋዋል። የሚሻለው ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ የሚሰቀል ጎርበጥባጣ የፕላስቲክ ንጣፍ ነው፤ ውሃው ከኋላው ወርዶ በፓምፕ ይወጣል። ፓምፑ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባትሪ ከሌለው አንድ ሌሊት በቂ ነው ዕቃውን ሁሉ ለማበላሸት።

ከጓዳው በታችም ሕግ አለ። ፍል ውሃው እንዳይረበሽ በ1982 የወጣ አዋጅ በከተማዋ መሀል ከ5 ሜትር በላይ መቆፈርን ያለ ልዩ ፈቃድ ይከለክላል። ድንጋዩ ከተወሰደበት ከኩም ዳውን ሥር የቀረውን ባዶ ደግሞ በኮንክሪት አረፋ ለመሙላት በ2000ዎቹ መጨረሻ ከ150 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቷል። ርካሹ ድንጋይ ሂሳቡን ያቀረበው ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

መኪናና ወንበር

ባዝ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች የመኪና ጭስ ይታቆርባታል። ከማርች 15 ቀን 2021 ጀምሮ መሀል ከተማው የንጹሕ አየር ቀጠና ነው፤ ከለንደን ውጭ በክፍያ የተጀመረ የመጀመሪያው። ነገሩ ከሌሎች ይለያል፤ የግል መኪና ምንም ያህል ቢያጨስ አይከፍልም። የሚከፍሉት ደረጃውን የማያሟሉ ታክሲ፣ ቫንና ሚኒባስ በቀን 9 ፓውንድ፣ ከባድ መኪናና አውቶቡስ 100 ፓውንድ ናቸው። በእንግሊዝ ታክሲ ወይም የማድረሻ ቫን ለሚነዱ ወገኖቻችን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ናፍጣ ከሆነ ዩሮ 6፣ ቤንዚን ከሆነ ዩሮ 4 የተባለው የአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃ ያስፈልጋል። በግርድፉ ናፍጣ ታክሲ ከ2015 መጨረሻ፣ ቫን ከ2016 መጨረሻ ወዲህ የተመዘገበ፣ ቤንዚን ደግሞ ከ2006 ወዲህ ያለ ማለት ነው፤ ግን በዓመተ ምህረት አይገመትም፣ የታርጋ ቁጥሩ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ይታያል። ቀኑ ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ስለሆነ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገብቶ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት የሚወጣ ሹፌር ሁለት ቀን ይከፍላል። ክፍያው ከስድስት ቀን በፊት ጀምሮ እስከ ስድስት ቀን በኋላ ይቻላል። ያለፈበት 120 ፓውንድ ይቀጣል፣ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈለ 60።

መጀመሪያ የግል መኪናም እንዲከፍል ታስቦ ነበር፤ በሕዝብ ምክክር ላይ ተቃውሞ በዝቶ ተተወ። ለነዋሪው ቀለለው፣ ሸክሙ በሠርቶ አደሩ ላይ ወረደ። ይህን ፍትሐዊ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል፣ ምንም እንኳ አየሩ የተሻለ ቢሆንም።

ከሽብር ጥቃት ለመከላከል ሲባል ባዝ አቢ በሚባለው የቀድሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ባሉ ጠባብ መንገዶች ላይ ቀን ቀን መኪና የሚከለክሉ የብረት ምሰሶዎችም ተተክለዋል። ጠቡ ከአካል ጉዳተኞች ጋር ነበር፤ መኪናቸው በር ድረስ ካልደረሰላቸው በኮረብታና በድንጋይ ንጣፍ ከተማ ውስጥ ሌላ አማራጭ የላቸውም።

ከመኪናው የተረፈውን ቦታ ወንበርና ጠረጴዛ ይዞታል። በኮቪድ ጊዜ በችኮላ የተጀመረው የእግረኛ መንገድ ፈቃድ ከማርች 2024 ጀምሮ ቋሚ ሆኗል። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 500፣ ለእድሳት እስከ 350 ፓውንድ ያስከፍላል፣ እስከ ሁለት ዓመት ይሰጣል። ለአሥራ አራት ቀን ሕዝብ አስተያየት ይሰጥበታል፣ በሚቀጥሉት አሥራ አራት ቀናት ማዘጋጃ ቤቱ ካልወሰነ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሕፃን ጋሪ ቢያንስ 1.5 ሜትር ማለፊያ መተው አለበት፤ ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀውም በዚህ ነው፣ የወንበሩ ስፋት እንጂ ሰው ሲቀመጥ የሚገፋው ቦታ ስለማይለካ።

ሱቁ ለምን ይዘጋል?

ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ቢሮ፣ ክሊኒክ፣ ጂምና መዋዕለ ሕፃናት በአንድ የአገልግሎት ምድብ፣ ምድብ ኢ፣ ውስጥ ናቸው። መጽሐፍ ቤቱ ካፌ ቢሆን የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ አያስፈልግም። መጠጥ ቤትንና ትኩስ ምግብ ተቀብሎ መሄጃን የመሳሰሉት ግን ከምድቡ ውጭ ናቸው። ቅርስ ሕንጻ ውስጥ ግን ማሰሪያው በሌላ በኩል ይመጣል። ካፌው ማብሰል ሲጀምር የጭስ ማውጫ ቱቦ ይፈልጋል፤ ቱቦው ከጣሪያው በላይ ካልወጣ ጎረቤት ይከሳል፣ እንዲወጣ ደግሞ የ250 ዓመት ወለልና ልስን መበሳት አለበት። ተከራዩ አሥር ዓመት ፈርሞ የቱቦውን ፈቃድ ሲከለከል ሳንድዊች ብቻ ይሸጣል። ከመፈረም በፊት የቀድሞው የጭስ ማውጫ ቀዳዳ ክፍት መሆኑን መጠየቅ ነው፤ በብዙ ቤት የድሮው ምድጃ መተንፈሻ ቱቦውን ይችላል፣ ግንቡም አይነካም።

ቀጥሎ ግብሩ። የንግድ ቤት ግብር የሚሰላው በተገመተው ዓመታዊ ኪራይ ላይ ነው። ግምቱ 40,000 ፓውንድ የሆነ ሱቅ በ2024/25 ተመን፣ 49.9 ሳንቲም በፓውንድ፣ 19,960 ፓውንድ ይወጣበታል። በዚያ ዓመት ለችርቻሮና መስተንግዶ 75 በመቶ ቅናሽ ስለነበረ የተከፈለው 4,990 ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቅናሹ ወደ 40 በመቶ ወርዶ ያው ሱቅ 11,976 ከፈለ። ገቢው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ግብሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ቅናሹ ቀርቶ በዝቅተኛ ተመን ተተክቷል።

ባዶ ሱቅስ? ተራ ሕንጻ ባዶ ከሆነ ከሦስት ወር በኋላ ባለቤቱ ሙሉ ግብር ይከፍላል፣ ስለዚህ ኪራይ ቀንሶም ቢሆን ያከራያል። በቅርስነት የተመዘገበ ሕንጻ ግን ባዶ እስከሆነ ድረስ ነፃ ነው። የታሰበው ባለቤቱን ከጫና ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሕንጻ በተመዘገበበት መንገድ ላይ ባለቤቱ ዝቅተኛ ኪራይ ከመቀበል ይልቅ እንዲጠብቅ ያደርጋል፤ ዝቅ ያለ ኪራይ የሕንጻውን የባንክ ግምት ስለሚያወርድ መጠበቁ ያዋጣዋል። በዓለም ቅርስ ከተማ ውስጥ የጨለመ መስታወት የሚበዛው በከፊል ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ ሁሉ የኢንተርኔት ገበያ አይደለም።

ሚልሶም ስትሪትን ማየት ይበቃል። በ1760ዎቹ ሲጀመር የመኖሪያ መንገድ ነበር፤ የሱቅ መስታወቱ ኋላ የተቆረጠበት ነው። ጆሊስ የተባለው ትልቅ መደብር ከ1831 ጀምሮ እዚያ ነው፤ የያዘው ሃውስ ኦፍ ፍሬዘር በ2025 ለቀቀ። በመንገዱ ላይ ብዙ ሕንጻ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ አሁንም ከሱቆቹ በላይ ሰው እንዲኖር ዕቅድ አውጥቷል። እንግሊዝ ውስጥ ሱቅን ወደ መኖሪያ ለመለወጥ ያለው አቋራጭ ፈቃድ ለተመዘገበ ሕንጻም ሆነ ለዓለም ቅርስ ቦታ ስለማይሠራ እያንዳንዱ ቤት ሙሉ ማመልከቻ ይጠይቃል። በሱቁና በመኖሪያው መካከል እሳት ለአንድ ሰዓት የሚያግድ መለያ ያስፈልጋል፣ ከላይ የቆየውን ወለል ሳይነቅሉ፣ ከታች የልስኑን ጌጥ ሳይነኩ።

ዋናው ችግር ግን ደረጃው ነው። ሱቅ ነጋዴዎች መስታወታቸውን ለማስፋት ከመንገድ ወደ ፎቅ የሚያወጣውን በርና ደረጃ አንስተዋል፤ ወደ ላይ የሚወጣው በሱቁ ውስጥ ብቻ ነው፣ ሱቁ ሲዘጋ ፎቁም ይዘጋል። መልሶ ለመሥራት ከግድግዳው ጋር አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያስፈልጋል። የሱቁ ፊት ስድስት ሜትር ከሆነ ይህ ከመስታወቱ አንድ ስድስተኛ ነው። የታችኛው ተከራይ ያን ያህል ኪራይ ይቀነስልኝ ይላል፣ የላይኛው አፓርታማ ኪራይ ደግሞ የደረጃውን፣ የእሳት መለያውንና የ20 በመቶውን ታክስ ወጪ ለመመለስ ዓመታት ይፈጃል።